ሌባ አልነበረችም፤ ታማ ነበር

(በማኅበራችን የጥር ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ሰብሳቢያችን «አንቺ የሂሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ ስለ ቁጠባ አንድ ነገር አዘጋጂልን» ብላኝ ነበር። እሺ ብዬ ሄድኩ። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ሐሳቤ ወደ ሌላ ነገር ሄደብኝ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ታላቅ እህቴ ነው። የገንዘብም ነገር ውስጡ አለበት።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን፣ ያነበብኩትንና በቤታችን ያየሁትን ነው። ሁለተኛ፣ እህቴን ሳላስፈቅድ አልመጣሁም። «እታለም፣ ስለ አንቺ ልናገር ነው፤ ትፈቅጃለሽ?» ስላት ጥቂት አሰበችና «ተናገሪ። ብቻ መጀመሪያ ሌባ አለመሆኔን ንገሪያቸው» አለችኝ። እንግዲህ ከዚያው ልጀምር። እህቴ ሌባ አልነበረችም። ታማ ነበር።

እህቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ናት። ሁለት ልጆች አሏት። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ ነሐሴ 20 ገደማ፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲጥል ዋለ፤ ማታ ደግሞ መብራት ጠፋ። ልጆቹ እኔ ዘንድ ነበሩ። እሷ ሽሮ የሠራችበትን ከሰል «ፍሙ ገና አላለቀም» ብላ ከነማንደጃው ወደ መኝታ ክፍሏ አስገባችው። ያጠበችውን የልጆቹን ልብስ እንዲደርቅላት በዙሪያው ወንበር ላይ ሰቀለች። ብርድ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጨርቅ ወተፈች። መስኮቱ እንደሆነ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ነው የከረመው። እንዲሁ ተኛች።

ጠዋት እንጀራ ሊወስድ የመጣው ልጅ ቢያንኳኳ መልስ የለም። ጎረቤቷ ወጥተው ተጣሩ። ስልኳ ከውስጥ ይጮኻል፣ የሚያነሳው የለም። በሩን ገንጥለው ሲገቡ አልጋዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኟት። ትተነፍሳለች፣ ግን አትሰማም። አንዷ ወተት ይዛ ደረሰች፤ ደግነቱ ጎረቤቷ «ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም» ብለው ከለከሉ። ወደ ውጭ አወጧት፤ በሰፈር ሰው መኪና ሆስፒታል አደረሷት። እዚያ ኦክስጅን ተደረገላት። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች፤ በአምስተኛው ቀን በእግሯ ተራምዳ ቤቷ ገባች። እልል አልን። ለእንቁጣጣሽ ዶሮውን የሠራችው ራሷ ናት። እኛ ቤት ታሪኩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ ሌሊቱን በውስጧ ምን እንደተፈጸመ ልንገራችሁ። ከሰል ሲነድ፣ በተለይ አየር በማይዘዋወርበት ቤት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ጢሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን «አሁን ጠራ» እንላለን፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚያዞር ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህ ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። በሚኒባስ ታክሲ አስቡት። ወንበሩን ሁሉ የማይወርድ ተሳፋሪ ይዞታል። ታክሲው ይመላለሳል፤ ኦክስጅን ግን ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰውየው ንጹሕ አየር ብቻ ቢተነፍስ በደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ይኸው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። «ነፋስ ሲነካት ነቃች» ብሎ ቤት ማስቀረት የማይበቃው ለዚህ ነው።

አንጎላችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ነው፤ ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን እሱ ይወስዳል። ለነገ የሚያስቀምጠው የለውም፤ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ኦክስጅን ጨርሶ ሲቋረጥበት በ4 ወይም በ5 ደቂቃ ውስጥ ሕዋሳቱ መጎዳት ይጀምራሉ። ጉዳቱም በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ነው። በግራና በቀኝ፣ በአንጎላችን ውስጠኛ ጎን የሚገኝ ትንሽ ክፍል ሲሆን ሥራው ዛሬ ያየነውንና የሰማነውን ለነገ እንዲቀመጥልን ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚያደርሰው ከሰል ብቻ አይደለም። ልቡ ቆሞ በሕክምና የተመለሰ፣ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የወጣ፣ ጉሮሮውን ምግብ አንቆት የቆየ፣ ሲወለድ የታፈነ ሕፃን፣ ሁሉም ይህ ሊያገኛቸው ይችላል።

ወደ እህቴ ልመለስ። በመስቀል ማግስት ጠባይዋ ተለወጠ። ጠዋት ተነስታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና እዚያው ትውላለች። «ምን ሆነሻል?» ስንላት «ምንም» ትላለች። እርምጃዋ አጠረ፤ መሬቱን እየጎተተች መሄድ ጀመረች። ሁለት ቀን አልጋዋን አረጠበች፤ አላፈረችምም። ያቦካችውን ሊጥ ረስታ ሌላ ታቦካለች። ከምግብ ቤቱ የተቀበለችውን ትዕዛዝ «ማን ነገረኝ?» ትላለች። አንዳንዱ «ዓይን ነው» አለ፤ አንዳንዱ «ባሏ ስለማይቀመጥ አኩርፋ ነው» አለ። ጸበል ወሰድናት። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ዛሬም ትጠመቃለች። ጥፋታችን ከጸበሉ ጎን ሐኪም ዘንድ አለመመለሳችን ነው። ስንወጣ «ደኅና ናት» ተብለናልና ይኸኛው ሕመም ከዚያኛው ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሀል ነው የዕቁቡ ነገር የመጣው። እህቴ ለስድስት ዓመት የሰፈሯ ዕቁብ ጸሐፊ ነበረች። ሃያ ሰዎች ናቸው፤ በየእሑዱ 200 ብር ይጥላሉ። በስድስት ዓመት አንድ ብር ጎድሎባት አያውቅም። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ እሑድ ሂሳቡ ሲቆጠር 1,400 ብር ጎደለ። ሰባት ሰዎች «ቀደም ብለን ቤቷ ድረስ ሄደን ሰጥተናታል» አሉ። ደብተሩ ላይ የለም። እሷን ቢጠይቋት «ማንም አልሰጠኝም» አለች፤ ቃሏን ሳታወላውል፣ ዓይናቸውን እያየች። ከሰባት ሰው ቃል ጋር የእሷ ቃል ሲጋጭ ሰው ምን ይላል? ያላችሁትን አሉ። «ታመምኩ ብላ አታለለችን» ያለም ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? 1,400 ብሩን ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ቤቷ ገብቼ በሩን ዘግቼ «አሳፈርሽኝ። አውቀሽ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። እሷ አልቅሳም አልተከራከረችም። ዝም ብላ አየችኝ። በማግስቱ ልጠይቃት ስሄድ ትናንት መምጣቴንም አላስታወሰችም። ልቤ መጠርጠር የጀመረው ያኔ ነው። ሌባ የሰረቀውን ይክዳል፤ የተሰደበውን ግን አይረሳም።

በታኅሣሥ ልጇ ከመደርደሪያው ጥግ ትርፉን የሽሮ ጣሳ ስትከፍት በፌስታል የተጠቀለለ ገንዘብ አገኘች። ቆጠርኩት። 1,400 ብር፤ ከአንድ ብር የማይበልጥ፣ ከአንድ ብር የማያንስ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሂሳብ ገጥሞልኝ ደስ ብሎኛል። ያን ቀን ግን ሂሳቡ ሲገጥም ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የነርቭ ሐኪም ዘንድ የሄድነው። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው «በዚህ ዓመት ራሷን ስታ ታውቃለች?» የሚል ነበር። የከሰሉን ስንነግረው ራሱን ነቀነቀ። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመታ ሰው ሙሉ በሙሉ የዳነ መስሎ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ እንደገና ሊወድቅ እንደሚችል ነገረን። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ውስጥ የሚታይ ነው አለን። የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው መስመሮች ሽፋናቸው ስለሚጎዳ ሰውየው ይዘገያል፣ ይረሳል፣ ተነሳሽነት ያጣል፣ አካሄዱ ይለወጣል፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። አንድ በአንድ የእህቴን መስቀል ነበር የሚነግረን። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ እስከ ዓመት እየተሻላቸው እንደሚሄዱ፣ አንዳንዱ ጉዳት ግን እንደሚቀር ሳይደብቅ ነገረን። ስለዚህ ማንኛችሁም በከሰል የተመታ ዘመድ ካላችሁ፣ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር በዓይናችሁ ጠብቁት። ጠባዩ ከተለወጠ የከሰሉን ታሪክ ጨምራችሁ ለሐኪም ንገሩ።

ይህን የመርሳት ነገር እኔ የገባኝ በራሴ ሙያ ነው። መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ከደረሰኙ ወደ መዝገብ ይተላለፋል። የእህቴ አእምሮ ደረሰኙን ይቆርጣል። ሰባቱ ሰዎች ገንዘቡን ሲሰጧት ተቀብላለች፣ አመስግናለች፣ ቆጥራ ጠቅልላ አስቀምጣለች። ወደ መዝገቡ ግን አልተላለፈም። በማግስቱ መዝገቧን ገልጣ ብታይ ባዶ ነው፤ «ማንም አልሰጠኝም» ስትል የምታየውን ነው የተናገረችው። የድሮዎቹ መዝገቦች ግን አሉ። እናታችን በልጅነታችን የምትገርፈንን ቀበቶ ቀለም ሳይቀር ትነግራችኋለች። ለዚህ ነው ሰው «የዛሬ ሠላሳ ዓመቱን እያስታወሰች የትናንቱን ረሳሁ ትላለች፤ ታስመስላለች» የሚለው። ማስመሰል አይደለም።

በሌላ አገርም የታወቀ ነገር ነው። በአሜሪካ ተመራማሪዎች አርቢ በሚል ምሕጻር ስለሚጠሩት አንድ በሽተኛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ጽፈዋል። ሰውየው ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ለጊዜው አንሶበት ነበር። ተርፎ 5 ዓመት ኖረ። አስተሳሰቡ ደኅና ነበር፤ አዲስ ነገር መያዝ ግን አቃተው። ሲሞት አንጎሉ ሲመረመር የመርሳቱ ምክንያት ሆኖ የተገኘው በሂፖካምፐስ ውስጥ ባለች በአንዲት ክፍል የደረሰ ጉዳት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ እህቴን ለመቆጣት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ምን አደረግን? ለዚህ ሕመም የሚዋጥ አንድ ክኒን የለም። ያለው ማገገሚያ ነው፤ ማገገሚያውም አብዛኛው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ለእርምጃዋ ፊዚዮቴራፒ ሄደናል፣ ጠቅሟታል። የቀረውን ከሐኪሙ ምክር እየወሰድን እኛው ሞከርነው።

መጀመሪያ ያቆምነው ፈተናውን ነው። ሊጠይቃት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ገና ከበር «ታውቂኛለሽ? ስሜ ማን ነው? ትናንት ምን በላሽ?» ይላታል። በፍቅር ነው፣ ግን ፍቅሩ ያስጨንቃታል። አስተማሪ ፊት እንደቆመች ተማሪ ትገምታለች፤ ግምቷም ይሳሳታል። አላን ባድሊና ባርባራ ዊልሰን የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ያሳተሙት ጥናት አለ። ትውስታቸው የተጎዳ ሰዎች እየገመቱና እየተሳሳቱ ከሚማሩ ይልቅ ስሕተት እንዳይሠሩ እየተረዱ ሲማሩ የተሻለ እንደሚይዙ አሳይተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኔና እናንተ ስንሳሳት መሳሳታችንን እናስታውሳለን፤ ሁለተኛ አንደግመውም። እሷ መሳሳቷን ትረሳለች፤ የተሳሳተው መልስ ግን አፏ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ምጣዱን እንዲህ አስተማርናት። ከጋገረች በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሳትነቅል ትሄድ ነበር። «ምን ረሳሽ?» ማለት ተውን። አጠገቧ ቆመን የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ «አሁን ሶኬቱን ንቀዪ፣ ቀዩን ጨርቅ አክንባሎው ላይ ጣይ» እንላታለን። በየቀኑ ያው ቃል፣ ያው ቅደም ተከተል። ከሦስት ሳምንት በኋላ «አሁን ሶኬቱን» ብለን ማቆም ጀመርን። ከሁለት ወር በኋላ ዝም ብለን ቆምን። ዛሬ ብቻዋን ታደርገዋለች። ማን እንዳስተማራት ብትጠይቋት አታውቅም፤ እጇ ግን ያውቃል። እጅ የሚማርበት መንገድ ሌላ ነው፤ በእሷ ያ መንገድ ደኅና ነበር።

ሁለተኛው ደብተሩ ነው። አንድ ደብተር ብቻ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ቦታውም አንድ ብቻ፣ የሽርጧ ኪስ። ሦስት መስመር አሰመርኩላት። ሰዓት፣ ያደረግሁት፣ የቀረኝ። መጻፉ አላስቸገራትም፤ የሚያስቸግረው ደብተር መኖሩን ማስታወሱ ነበር። ስለዚህ ስልኳ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ሰዓት እንዲጮኽ አደረግን። ሲጮኽ ደብተሯን ታወጣለች። ይህን ለማስለመድ ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። ብዙ ቤተሰብ «ደብተር ሰጠናት፣ አልጠቀማትም» የሚለው በሁለተኛው ሳምንት ስለሚተወው ይመስለኛል።

ሦስተኛው፣ ሊጡ። እህቴ ማቡካት አልረሳችም፤ የምትረሳው ማቡካቷን ነው። አብሲት ጥላ ይሁን አይሁን ታጠፋዋለች። ካርቶን ላይ ከላይ ወደ ታች «አቦካሁ፣ አብሲት ጣልኩ፣ ኩፍ ብሏል፣ ጋገርኩ» ብለን ጽፈን የልብስ መቆንጠጫ ሰጠናት። አንዱን ስትጨርስ መቆንጠጫውን ወደ ታች ታወርደዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቴ የተቦካ ሊጥ አላየንም።

አራተኛው ድካም ነው። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል። ጠዋት የምትችለውን ከሰዓት አትችለውም። ከባዱን ነገር ወደ ጠዋት አመጣን፤ ሃያ ደቂቃ ሠርታ ታርፋለች። ስናነጋግራት ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አያወራትም።

አምስተኛው ሰው ስንፍና የሚለው ነገር ነው። «ተነሺ እንጂ፣ ምን ትጎለቺያለሽ!» ብንላት አትነሳም። ፍላጎት አጥታ ሳይሆን ሥራ የሚያስጀምራት ነገር ስለተጎዳ ነው። የመጀመሪያውን እርምጃ ስንሰጣት ግን ትሄዳለች። ሽርጧን አቀብሏት፤ ትታጠቃለች። ከታጠቀች ትነሳለች። ከተነሳች ትሠራለች።

ስድስተኛው ገንዘብ ነው። እንጀራ ስታስረክብ ባለ ሱቁ ቁጥሩንና ብሩን በደብተሯ ጽፎ ይፈርማል፤ ማታ እኔ ወይም ባሏ እናመሳክራለን። ብቻዋን የሰው ገንዘብ አትይዝም። ይህ ንቀት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ሁለት ፊርማ ያለበት ገንዘብ ማንንም ሌባ አያሰኝም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ሐዘን ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር አክስታችን አረፈች። እህቴ ቀብር ላይ ነበረች፤ አልቅሳለች። ከሳምንት በኋላ «አክስቴ ለምን አትመጣም?» አለች። ስንነግራት እንደ አዲስ ጮኸች። እንዲህ ሦስት ጊዜ አረዳናት። በመጨረሻ ሐኪሙን አማክረን ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሷ እጅ እንድትጽፈው አደረግን፦ «አክስቴ በኅዳር አርፋለች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። አልቅሻለሁ።» አሁን ስትጠይቅ ደብተሯን እንድትገልጥ እንነግራታለን። ታነባለች፣ ዝም ትላለች፣ ገጹን ታጥፋለች። ያዝናታል፤ ግን መርዶ አይሆንባትም። ከመርሳቷ ይልቅ መርሳቷን ማወቋ የጎዳት ጊዜም ነበር። እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ ጠልታ «ለምን ተረፍኩ?» ያለችበት ወር ነበር። ያኔ ወደ ሐኪም መልሰን ወሰድናት፤ መድኃኒትም ምክርም አገኘች። ይህንንም እንደ ጠባይ እንዳታዩት።

አሁን ምን ላይ ናት? እርምጃዋ ተመልሷል። ሽንቷን ትቆጣጠራለች። በፊት በቀን 120 እንጀራ ትጋግር ነበር፤ አሁን 40 ትጋግራለች። የዕቁብ ጸሐፊነቱ አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ያቺ ነሐሴ እስካሁን ከአእምሮዋ የለችም። ቀስ ብላ ታስባለች፤ ጊዜ ከሰጣችኋት ግን ደኅና መልስ ትሰጣለች። «መቼ ነው እንደ ድሮዋ የምትሆነው?» የሚሉኝ አሉ። ይህን ጥያቄ ትቼዋለሁ። የምጠይቀው «በዚህ ወር ባለፈው ወር የማትችለውን ምን ቻለች?» ብዬ ነው።

ስለ አስታማሚም አንድ ቃል። በመጀመሪያው ዓመት እህቴ ከጠዋት እስከ ማታ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ሰው ያስፈልጋት ነበር። በሳምንት 63 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ሰዓት ማን እየከፈለ እንደነበር አንድ ቀን ወረቀት ላይ አሰላሁት። ትልቁን ድርሻ የምትከፍለው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጇ ነበረች። ትምህርት ቤት የቀረችባቸውን ቀናት ስቆጥር ደነገጥኩ። ማንም «ቅሪ» አላላትም፤ ሴት ልጅ ስለሆነች ብቻ ሁላችንም እንደ ደንብ አየነው። በዚያው ሳምንት ተከፋፈልን። ባሏ አጭር መስመር ላይ ተዛወረ፣ ገቢውም ቀነሰ። እኔ ቅዳሜን ወሰድኩ፤ ጎረቤቷ ሁለት ከሰዓት ሰጡን፤ የአጎታችን ልጅ ሌላውን ወሰደ። ልጅቷ ትምህርቷ ላይ ተመለሰች።

ዕቁብተኞቹስ? ገንዘቡ ሲገኝ ፌስታሉን እንደነበረ ይዤ ሄድኩና ሐኪሙ የነገረኝን ነገርኳቸው። ከሰባቱ አምስቱ ቤቷ መጥተው ይቅርታ ጠየቋት። እሷ መሰደቧን አላስታወሰችም፤ «ለምንድን ነው የምትስሙኝ?» አለቻቸው። ሁለቱ እስካሁን አልመጡም። እኔም ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ደብተሯ ላይ እንዳትጽፈው ግን ለመንኳት።

ከመጨረሴ በፊት ለሁላችን የሚሆን ማስጠንቀቂያ። የሚነድ ከሰል በምንም ምክንያት በተዘጋ ክፍል ይዞ አይተኛም። «ትንሽ ነው»፣ «ጢስ የለውም»፣ «ላቀች ምድጃ ነው» አይሠራም። ላቀች ከሰል ይቆጥባል፤ ጋዙን ግን አያስቀርም። ቤት ያለው ሰው በአንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ጉልበቱ ከከዳው ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ክፈቱ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ አውጡ፣ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይም በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሎሚም አትስጡ።

ከማኅበራችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከአባሎቻችን ቤት እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲኖር በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን በተራ እንድንቀመጥለት። ገንዘብ አንጠየቅም፤ ጊዜ ነው። አስታማሚዋ ገበያ ትወጣለች፣ ትታጠባለች፣ ትተኛለች። ሁለተኛ፣ በቁጠባ ቡድኖቻችን ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሁሉ እዚያው ደረሰኝ ይቁረጥ፤ ሁለት ሰው ይፈርም። «እንተማመናለን» ጥሩ ነው። እህቴም ስድስት ዓመት ታምናለች። ደረሰኝ ቢኖር ኖሮ ግን ስሟ ለሁለት ወር ባልጠፋ ነበር።

እህቴ ዛሬ እዚህ ናት። ኋላ ወንበር ላይ ሰማያዊ ደብተር ይዛ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ እንጀራውንም ለዛሬው ምሳችን የጋገረችው እሷ ናት። ቡና ላይ ስትቀርቧት «ሰማሽ ወይ ስትናገርልሽ? ታስታውሺዋለሽ?» አትበሏት። ስማችሁን ንገሯትና አጠገቧ ተቀመጡ። ልትጽፈው ከፈለገች ጊዜ ስጧት።